የእማማ መርፌ አውራ ጣት

«ምን ተሰረቀ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አውራ ጣት» አለች ሲስተሯ።

ኢንስፔክተሩ ወደ አልጋው ዞረ። አሮጊቷ በጀርባቸው ተኝተዋል። ሁለቱም እጆቻቸው ከብርድ ልብሱ በላይ ተዘርግተዋል፤ ከጣቶቻቸው አንድም አልጎደለም።

«እኅቴ፣ ጣቱማ ይኸው!»

«ጣቱማ አለ። የተሰረቀው አሻራው ነው።»

ጉድ እኮ ነው! ጠዋት ቢሮው ሲገባ የተሰበረ ሱቅ፣ የጠፋ ሞተር ብስክሌትና የሁለት ጎረቤታሞች የአጥር ጠብ ጠረጴዛው ላይ ተከምረው ነበር። ያን ሁሉ ጥሎ የመጣው ይህች ነርስ ስልክ ላይ ስለጮኸች ነው። አለቃው «ሂድና ዝም አሰኝልኝ» ብሎ ላከው። ነርሷ ግን ዝም የምትሰኝ ዓይነት አልነበረችም።

«እሺ» አለ ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ። «ነገርን ከሥሩ ነው። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሲስተሯ የምትሠራበት ድርጅት መዳን የማይችሉ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየዞረ ያስታምማል። ሥቃይ ያስታግሳል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድረስ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ያደርጋል። የሚኖረውም ሰዎች በሚሰጡት ስጦታ ነው። አልጋው ላይ ያሉት እማማ መርፌ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተማሪ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ «መርፌ» የተባሉት ግን በሙያቸው ብቻ አይደለም፣ አፋቸውም ይዋጋል። ባላቸው በዚሁ ክፉ በሽታ ተይዞ ጩኸቱ ሰፈሩን ሲያናውጥ የደረሱላቸው እነዚሁ የድርጅቱ ሰዎች ነበሩ። ሰውየው በመጨረሻ ተረጋግቶ፣ የሚስቱን እጅ ይዞ ሞተ። እማማ መርፌ ያን ጊዜ ገና ደህና ነበሩ። ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄዱና «እኔ ስሞት ቤቴን ውሰዱት። ሽጡትም፣ ግቡበትም፣ ብቻ እንደ ባሌ የሚጮኽ ሰው ቤት ድረሱበት» ብለው ተናዘዙ። ፊደል ስላልቆጠሩ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

«እኔም ነበርኩ» አለች ሲስተሯ በኩራት። «ምስክሮቹ እኔና ሾፌራችን ነን።»

«እሺ፣ ታዲያ አሁን ምን ሆነ?»

ሲስተሯ የአሮጊቷን ግራ እጅ ቀስ ብላ አነሳችና አውራ ጣቱን አሳየችው። በጣቱ ሽንሽኖች ውስጥና በጥፍሩ ሥር ሐምራዊ ቀለም ቀርቷል። የማኅተም ቀለም ነው። አንድ ሰው ጠርጎታል፤ የአሮጊት ጣት ግን ስንጥቁ ብዙ ነው፣ ጨርሶ አልለቀቀም።

«ዛሬ ጠዋት ሳጥባቸው ነው ያየሁት። ትናንት ጠዋት አልነበረም። መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው ወዲህ ምንም ወረቀት አልፈረሙም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የሚውሉት። ስለዚህ አንድ ሰው እንቅልፍ ላይ እያሉ ጣታቸውን ወረቀት ላይ አስነክቷል። አዲስ ኑዛዜ ከወጣ አሮጌው ተሻረ ማለት ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላ ደግሞ ማን ይጠየቃል?»

ኢንስፔክተሩ አሁን ነው ነገሩ የገባው። «ስንት ጊዜ አላቸው?»

«ሐኪሙ ቀናት ነው ያለው።»

«ታዲያ ቀስቅሻቸውና እንጠይቃቸው!»

ሲስተሯ እንደ እብድ አየችው። «የተኛ ሕመምተኛ አይቀሰቀስም። ሕመሙ ፋታ ሲሰጣቸው እኮ ነው የሚተኙት። እኛ ዘንድ ይሄ ሕግ ነው።»

«እኛም ዘንድ ተበዳይን መጠየቅ ሕግ ነው!»

«ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ይነቃሉ።»

ኢንስፔክተሩ ጥርሱን ነከሰ። ተበዳይዋ ተኝተዋል፣ የተሰረቀው ዕቃ ቦታው ላይ አለ፣ ወረቀቱን ያየ የለም። ከዚህ የባሰ አቤቱታ ቀርቦለት አያውቅም።

«ትናንት ማን መጣ?»

«ከሰዓት በኋላ ማንም እንግዳ አልመጣም፤ እኔ ነበርኩ፣ ጓሮ አንሶላ ሳጥብ። ሲመሽ የወንድማቸው ልጅ መጣ። ከሱ በኋላ ተከራያቸው አጠገባቸው አደረ።»

የወንድም ልጅ የተባለውን ሰው ሰፈሩ «ጥሩምባ» ነው የሚለው። ታክሲ ነጂ ነው፤ ከመኪናውና ከሱ የማን ድምፅ እንደሚበልጥ እስካሁን አልታወቀም። ከአክስቱ በቀር ዘመድ የለውም፤ እሳቸውም ከሱ በቀር የላቸውም። ኑዛዜው ባይኖር ቤቱ የሱ ነበር።

«በቃ» አለ ኢንስፔክተሩ በልቡ። «ለምሳ እደርሳለሁ።»

አልደረሰም።

*

ተከራዩ ማኅተም ቀራጭ ነው። ሱቁ በግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ነው። ኢንስፔክተሩ ገና ደፉን ሲረግጥ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ሐምራዊ ቀለሞች አየና ደስ አለው።

«እጅህን አሳየኝ!»

ማኅተም ቀራጩ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። እስከ አንጓው ድረስ ሐምራዊ ነው። ጆሮውም ሐምራዊ ነው፤ ሲያስብ ጆሮውን የመጎተት ልማድ አለው።

«ትናንት አጠገባቸው ያደርከው አንተ ነህ። ቀለሙም ያንተ ነው። ቤቱ ለድርጅት ከሄደ ከሱቅህ ትወጣለህ። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ጋሼ፣ አንዴ ይዩኝማ» አለ ማኅተም ቀራጩ ትከሻውን ሰብቆ። የበሩን እጀታ አሳየው፣ ሐምራዊ ነው። የሻይ ብርጭቆውን አሳየው፣ ሐምራዊ ነው። የመብራት ማብሪያውን፣ ሬዲዮውን፣ የሸሚዙን አንገትጌ አሳየው። «ይሄ ቀለም በሳሙና አይለቅ፣ በቤንዚን አይለቅ። ሚስቴ እንኳ ጓንት ካላደረግህ ልጅ አትያዝ ብላኛለች። እኔ እማማን ብነካ ኖሮ አንሶላው፣ ትራሱ፣ ግድግዳው ሁሉ ማኅተም በማኅተም ይሆን ነበር። እዚያ ክፍል ገብቼ ሳድር እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነው የምቀመጠው!»

ኢንስፔክተሩ አንሶላውን አስታወሰ፤ እንደ ወተት የነጣ ነበር።

«ታዲያ ሐምራዊ ቀለም ካንተ ማን ይገዛል?»

«ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ። የናንተም ጣቢያ ጭምር።» ጆሮውን ጎተተ። «እኔን ከሚያደርቁኝ ያንን ባለ አፍ ቢይዙት አይሻልም?»

*

ባለ አፉ ታክሲ ማቆሚያው ላይ ተገኘ። ገና ኢንስፔክተሩን ከሩቅ ሲያይ ጀመረ።

«ይኸውና! ደግሞ መጡ! ትናንት መቀጫ፣ ዛሬ ምንድን ነው? መተንፈሻ ፈቃድ?»

«ስለ አክስትህ ነው።»

ጥሩምባ የመኪናውን በር ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሞተች?»

«አልሞቱም።»

«ታዲያ እንዲህ ተብሎ ይነገራል!» መኪናውን በመዳፉ መታ። «ሰው እኮ በድንጋጤ ይሞታል!»

ኢንስፔክተሩ ነገሩን ነገረው። ጥሩምባ አንድ ጊዜ ይስቃል፣ አንድ ጊዜ ይሳደባል። ትናንት ሲመሽ መሄዱን አልካደም። አልጋው ድረስ ግን አልገባሁም፣ በሩ ላይ ቆሜ አይቻት ተመለስኩ አለ።

«ለምን አልገባህም?»

«በቃ አልገባሁም።»

«የገዛ አክስትህ ናቸው። አንድ ሰው የአክስቱን በር ድረስ ሄዶ ለምን ይመለሳል?»

«አልችልማ!» ጮኸ ጥሩምባ፤ ሰዎች ዞረው አዩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባሏ ሲታመምም አልቻልኩም። ያሳደገኝ ሰው ነው። አንድ ቀን ጩኸቱን ከበር ሰማሁና ሮጥኩ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። ለዚህ ነው ቤቱን የነሣችኝ። ተቀይማኛለች፣ እውነቷን ነው። ግን ሌባ አይደለሁም!»

ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያለ ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ሌቦች ሁሉ ሲያዙ ሆድ ይብሳቸዋል። ጥቅሙም አለ፣ ቂሙም አለ፣ መምጣቱንም አምኗል። ጣቢያ ወሰደው። ጥሩምባ ሲጮህ ዋለ፤ ከሱ ጋር የታሰሩት ሁለት ሰካራሞች ክፍል ይቀየርልን ብለው አቤት አሉ። ቤቱ ተፈተሸ፣ ታክሲው ተፈተሸ፤ ወረቀትም ቀለምም አልተገኘም። ሰፈሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር «እኔማ ድሮም ዓይኑ አላማረኝም» አለች።

*

በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ከመንጋቱ ጀምሮ ራሱን ሲያመው ወደ እማማ መርፌ ቤት ተመለሰ። እንደተለመደው ተኝተዋል።

«ነቅተው አያውቁም?» አለ በሹክሹክታ፤ በሹክሹክታ መናገሩ ራሱ አናደደው።

«ነቅተው ነበር፣ ውሃ ጠጡ፣ ተኙ። ይልቅ መጡ አይደል? በዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው ይታይዎታል? ጀርባቸው እንዳይቆስል ላገላብጣቸው ነው። ክንድዎን ከትከሻቸው ሥር ያስገቡ። ቀስ!»

ኢንስፔክተሩ ሌባ አንቆ የሚይዝበትን ክንዱን ከአሮጊቷ ትከሻ ሥር አስገባ። እንደ ላባ ቀለሉት፤ ደነገጠ። ሲስተሯ እየሠራች ታስረዳዋለች። ጠዋት በጀርባቸው ነው። ከሰዓት በኋላ በቀኝ ጎናቸው ይተኛሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ከመሸ በኋላ እስኪነጋ በግራ ጎናቸው ናቸው።

«በግራ ሲተኙ ግራ እጃቸው የት ነው የሚሆነው?»

«ከሥራቸው ነዋ። ትራስ አድርገንለት ከሥር ይሆናል።»

«ሰው ሊያወጣው አይችልም?»

«ትከሻቸው አጥንቱ ተነክቷል። ያን እጅ ከሥር የሳበ ሰው ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል።»

ኢንስፔክተሩ ክንዱ አሮጊቷ ሥር እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቀለሙ ያለው ግራ ጣት ላይ ነው። ሲመሽ ያ እጅ ተደብቋል፣ ሲነጋም ተደብቋል። ጠዋት ከላይ ቢሆንም ሲስተሯ ከአጠገባቸው አትለይም፤ ሰው ሳያይ ሊነካ የሚችለው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥሩምባ የት ነበር? ኢንስፔክተሩ ራሱ ያውቃል! ጣቢያው ውስጥ፣ የትራፊክ መስኮቱ ላይ፣ ስለ መቀጫው ሲጮህ ነበር የዋለው። ኢንስፔክተሩ ጩኸቱን መቋቋም አቅቶት በሩን ዘግቶ ነበር። ይሄውና፣ ሙሉ ጣቢያ የሚመሰክርለትን ሰው አስሮ ማሳደሩ ነው።

«ኤጭ!» አለ።

«ምነው? ከበዱዎት?»

«ጣቱን ስታዪው እንዴት ነበር የተጠረገው?»

ሲስተሯ አሰበች። «በእኛ ዘይት ነው። ቆዳቸው እንዳይሰነጠቅ የምንቀባው አለ፣ ሽታው ነበረው። ደግሞ ያን ዕለት ከጓሮ ስመለስ እጃቸው ተሸፍኖ ነበር።»

ምን ዓይነት ሌባ ነው ከሰረቀ በኋላ የተሰረቀውን ሰው ዘይት ቀብቶ፣ እጁን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚሄደው? ኢንስፔክተሩ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ለዓቃቤ ሕጓ ደወለ። ዓቃቤ ሕጓ ነገር ማንዛዛት አትወድም።

«ያንን ታክሲ ነጂ ለምን አሰርከው?»

«ኑዛዜውን ሊያሰርዝ…»

«የትኛውን ኑዛዜ? ምስክሮቹ ነርሷና ሾፌሩ ናቸው አላልከኝም? የተጠቃሚው ድርጅት ደሞዝተኞች ምስክር ሆነውበት? ይሄማ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚወድቅ ኑዛዜ ነው። የወንድሟ ልጅ አንድ ወረቀት አያስፈልገውም፤ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ቤቱ የሱ ነው።»

«ታዲያ አዲስ ወረቀት የሚያስፈልገው ማን ነው?»

«እሱን እንኳ አንተ ንገረኝ» አለችና ዘጋችው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሲስተሯ ትራስ ታስተካክላለች።

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ማን ነበር የመጣው?»

«ስንቴ ልንገርዎት? ማንም እንግዳ አልመጣም!»

«ከናንተስ ሰው?»

«ሥራ አስኪያጃችን ነበር። እሱማ በየቀኑ መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል።» ቀና አለች። «እሱ እንግዳ ነው እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ። «ሲስተር፣ ጨጓራዬን ላጥሽው!»

*

ሥራ አስኪያጁ ቀጭን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የድርጅቱ ማኅተምና ሐምራዊ ቀለም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ ገና ሰላም ሳይለው ቀለሙን አንሥቶ ፊቱ ላይ አስቀመጠለት። ሥራ አስኪያጁም ለመካድ አልሞከረም። መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አወጣ።

ቃል በቃል ያው የድሮው ኑዛዜ ነው፤ ቀኑም የድሮው ነው። ከታች ሐምራዊ አውራ ጣት አለ። የምስክሮቹ ቦታ ባዶ ነው።

«ምስክሮቹስ?»

«አልተገኙም… ማለቴ፣ ሰው ዋሽልኝ ብዬ መለመን አቃተኝ።»

«ጣት መስረቁ ግን አላቃተዎትም!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እማማ መጥተው አሁኑኑ ጻፍልኝ ሲሉኝ ደስ አለኝና ነርሷንና ሾፌሩን ከኮሪደር ጠርቼ አስፈረምኩ። በቀደም አንድ ጠበቃ ወረቀቱን አይቶ ሳቀብኝ። ዋጋ የለውም አለኝ። እሳቸው ደግሞ አልጋ ላይ ናቸው። በየቀኑ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሲነቁ እነግራቸዋለሁ እያልኩ። ሲነቁ ፈገግ ይሉልኛል፣ ‹ቤቴን ተረከብክ ወይ?› ይሉኛል። አበላሽቼብዎታለሁ ልበላቸው? አፈርኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምንም አልነቁም።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሷቸውም?»

«ተኝተው ነበራ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ተገርሞ። «የተኛ ሕመምተኛ አይቀሰቀስም።»

ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ማኅተሙ ተንከባሎ ወደቀ። ጨዋነቱም አብሮ ወደቀ።

«አንተ ሰው! ሴትዮዋ ቤቴን ውሰዱ ብለው በገዛ እግራቸው ነው የመጡት! አንድ ጊዜ ‹እማማ› ብትል እኮ ሌላ ወረቀት ይፈርሙ ነበር! አሁን ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ? ኩል እኩላለሁ ብለህ ዓይን አጠፋህ! የድሮው ኑዛዜ ፈራሽ ነው፣ አዲሱ ወንጀል ነው፤ ድርጅትህም አሻራ ሌባ ሆኖ ሊቀር ነው!»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኢንስፔክተሩ የባሰ የናደደው ግን በሱ አልነበረም። እሱም ሁለት ቀን ሙሉ ማኅተም ቀራጭ ሲያሳድድ፣ ታክሲ ሲፈትሽ፣ ንጹሕ ሰው ሲያስር የሴትዮዋን ትከሻ አንዴ ነካ አላደረገም። ሲስተሯ አይሆንም ስላለችው ብቻ።

«ተነሥ፣ እንሂድ» አለ።

*

ጥሩምባ ከእስር ሲለቀቅ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ይቅርታውን የሰማው ሰው ግን ያለ አይመስልም፣ እሱ ራሱ እየጮኸ ስለነበር። ቢሆንም ተከትሏቸው መጣና እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ሐኪም ተጠራ። ማኅተም ቀራጩም እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ መጣ። ዓቃቤ ሕጓ በስልክ ያለችው ግልጽ ነበር፦ ሴትዮዋ አእምሯቸው መለስ ካለ፣ ሐኪም ካረጋገጠ፣ ከድርጅቱ ውጭ የሆኑ ሁለት ምስክሮች ካሉ አዲስ ኑዛዜ ይጸናል። ኢንስፔክተሩ ጉዳዩን የያዘ ስለሆነ መፈረም አይችልም። «ውርሱን የሚያጣው ሰው ራሱ ቢመሰክርማ ማንም ወደፊት አፉን አይከፍትም» ብላ ጨመረች፤ «ግን እሱን ማን ያሳምናል?»

«ቀስቅሻቸው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ እንኳን…»

ኢንስፔክተሩ ሲስተሯን አልፎ ጎንበስ አለ። «እማማ! እማማ መርፌ!»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው።

«ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ ነኝ?»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ቃጣው። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራቸው። ሐኪሙ ስማቸውን፣ ያሉበትን፣ የሚሆነውን ጠየቃቸው፤ ሁሉንም መለሱለትና በላዩ ላይ «የሸሚዝህ እጅጌ ጠማማ ነው፣ ማን ነው የሰፋልህ?» አሉት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ፈለጉት፤ ከሰው ጀርባ ተደብቋል።

«አንተ ሞኝ! ያን ቀን ጣቴን ይዘህ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ። ዓይኔን ብገልጥ ያፍራል ብዬ ነው የተውኩህ። ለምን አትቀሰቅሰኝም? ለምንድነው ሁላችሁም የማትቀሰቅሱኝ? እንቅልፍ እንደሆነ ሞልቶልኛል፣ ገና ብዙ እተኛለሁ!»

ሲስተሯ አንገቷን ደፋች።

ወረቀቱ ተጻፈ፣ ተነበበላቸው። ማኅተም ቀራጩ ጓንት አድርጎ ፈረመ።

«ሌላውስ ምስክር?» አሉ እማማ መርፌ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። «ያ አለ አይደል።»

«እኔ?» ጥሩምባ በረዶ የወረደበት መሰለ፤ ከዚያ ግን ገነፈለ። «እኔ ነኝ የምፈርመው? ሌባ ተባልኩ! ታሰርኩ! ሰፈር ሙሉ ተሳለቀብኝ! አሁን ደግሞ ያደግሁበትን ቤት በገዛ እጄ ላስረክብ? ኢንስፔክተር፣ ሕሊና የሚባል ነገር አላችሁ? አክስቴ፣ አንቺስ? ልትቀጪኝ ፈልገሽ እንደነሣሽኝ አውቃለሁ፤ ይሁን፣ ይገባኛል። ግን ፈርም አትበይኝ!»

«ና ወደዚህ» አሉ።

«አልችልም።»

«እኔ መነሣት ስለማልችል ነው፤ አንተ ና።»

ጥሩምባ መጣ። ከበሩ እስከ አልጋው ያለው ርቀት ትንሽ ነው፤ እሱ ግን ወንዝ የሚሻገር ሰው ያህል ቆየበት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አክስቱን በቅርብ ሲያያቸው ብርድ ልብሱን አስተካከለላቸው።

«ተቀይሜህ መሰለህ?» አሉ እማማ መርፌ። «ባሌ ሲጮህ ሮጥክ። እኔም እኮ ልሮጥ ፈልጌ ነበር። ስንት ቀን በሩን አይቻለሁ! መሄጃ ስላልነበረኝ ነው የቀረሁት። አንተ ስትሮጥ እነዚህ መጡ። ቤቱን የሰጠሁት አንተን ልቅጣ ብዬ አይደለም፣ ልጄ። የሚሮጥ ሰው በየቤቱ አለ፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሲወድ ነው የሚሮጠው። እንዲህ ያለው ቤት የሚመጣለት ሰው ይፈልጋል። ቤቴ ለዚያ ይሁን። አንተ ጉልበት አለህ፣ አፍ አለህ፣ ታክሲ አለህ። እነሱ ግን ካልሰጧቸው የላቸውም።»

ጥሩምባ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ድምፁን ሰፈሩ ሰምቶት አያውቅም፣ ትንሽ ነበር። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ኢንስፔክተሩን አየ።

«የታለ ወረቀቱ?»

ፈረመ። እማማ መርፌ ነቅተው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ቀኝ አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ የወንድማቸው ልጅ ክንዳቸውን ደግፎላቸው ነበር።

«እሱን አትምታው» አሉ ለኢንስፔክተሩ፣ ሥራ አስኪያጁን እያሳዩ።

«አልመታውም፣ እማማ። ግን መክሰሴ አይቀርም።»

«መክሰስህን ክሰስ። ሞኝነትም ልክ አለው።»

ኢንስፔክተሩ ሥራ አስኪያጁን ይዞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አሁን የተፈረመው ይጸናል ወይ አለ። ኢንስፔክተሩ «ይጸናል» አለው።

ቤቱ በኋላ ለድርጅቱ ተላለፈ፤ ማንም አልተከራከረም። እማማ መርፌ ሲያርፉ ኢንስፔክተሩ በቦታው አልነበረም። በነጋታው ሲስተሯ ደወለችለትና ነገረችው። ሕመሙ በመጨረሻ ጠንቶባቸው፣ መድኃኒቱ እስኪይዝላቸው ድረስ ጮኸው ነበር። እሷ መርፌውን ስታዘጋጅ የበሩን ድምፅ ሰማች፤ ጥሩምባ እንደ ድሮው ሮጠ ብላ ዞረች። እሱ ግን ጎረቤት እንዳይገባ በሩን ሊቆልፍ ነበር የተነሣው። ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠና እጃቸውን ይዞ እስኪያልፉ ድረስ ከክፍሉ አልወጣም።